«የወንድሜን ሕመም ከሥሩ ላጥናው?» ላልሽኝ ተማሪ

እኅቴ፣ ደብዳቤሽን ደግሜ አነበብኩት። ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የባዮሎጂ ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነሽ፤ ስኪዞፍሬኒያ የተባለው ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለበት ታላቅ ወንድምሽ አሁን ጻድቃኔ ማርያም ጠበል ላይ ነው። ዶፓሚን የተባለውን የአንጎል መልእክተኛ ኬሚካል የሚያጓጉዙ ፕሮቲኖች የሚሠሩባቸው ጂኖች ከሕመሙ ጋር ምን እንደሚያገናኛቸው ማጥናት ፈልገሻል። «በዚህ ሙያ እንጀራ ይገኛል ወይ?» ብለሻል፤ መጨረሻው ላይ ደግሞ «እኔስ እታመም ይሆን?»

ከሁለተኛው ልጀምር። ሕመሙ ከዘር ጋር ያለው ትስስር ጠንካራ ነው። ሆኖም ወንድም ወይም እኅት ከታመመባቸው 10 ሰዎች 9ኙ ገደማ በዚህ ሕመም አይያዙም። በፍርሃት ተነድተሽ ሙያ እንዳትመርጪ አደራ።

ወደ ጂኖቹ ልመለስ። ቪማት የሚባሉት ፕሮቲኖች ዶፓሚንንና ሴሮቶኒን የተባለውን ሌላ መልእክተኛ ኬሚካል በነርቭ ሕዋስ ውስጥ ወዳሉ ጥቃቅን ከረጢቶች ያስገባሉ፤ ዳት የሚባለው ደግሞ የተለቀቀውን ዶፓሚን መልሶ ይሰበስባል። ክሮሞሶም 8 ላይ ያለው፣ ከቪማቶቹ አንዱ የሆነው የቪማት1 ጂን በአንዳንድ ጥናቶች ከስኪዞፍሬኒያ ጋር ተያይዟል። ልብ ይስባል፤ ግን የወደፊትሽን በአንድ ጂን ላይ አትመሥርቺ። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ ዓለም አቀፍ ጥናት ከ76,000 በላይ ታማሚዎችን አካትቶ ከሕመሙ ጋር የተያያዙ 287 የዘረመል ሥፍራዎችን ለይቷል፤ የእያንዳንዱ ድርሻ እጅግ ትንሽ ነው። ይህን ያህል ትንሽ ልዩነት ነጥሎ የሚያወጣው ስታቲስቲክስ ስለሆነ ከዚህ ሴሚስተር ጀምረሽ «አር» የተባለውን ነፃ የኮምፒውተር ቋንቋ ተማሪ። ደብረ ብርሃን ላይ «የአእምሮ ዘረመል ተመራማሪ» የሚል ማስታወቂያ አይወጣም፤ መረጃ መተንተን የሚችል ሰው ግን ለወባውም ለቲቢውም ጥናት ይፈለጋል። እንጀራሽ እዚያ አለ። ለሁለተኛ ዲግሪም ባዮስታቲስቲክስን፣ ማለትም የጤናና የሥነ ሕይወት መረጃ የሚተነተንበትን ስታቲስቲክስ፣ አስቀድሚ እላለሁ።

ሌላም ምክንያት አለኝ። በእነዚያ ትልልቅ ጥናቶች አብዛኞቹ ተሳታፊዎች የአውሮፓ ዝርያ ያላቸው ናቸው፤ የእኛ ሰው የለበትም ማለት ይቻላል። ክፍተቱን ለመሙላት ኒውሮጋፕ የተባለው ጥናት በኢትዮጵያ፣ በኬንያ፣ በኡጋንዳና በደቡብ አፍሪካ ናሙና ሰብስቧል፤ በእኛ በኩል አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አለበት። መረጃ ሰብሳቢው ከታማሚው ጋር ተቀምጦ ስለ ጥናቱ ያስረዳዋል፤ በትክክል መረዳቱን በጥያቄ ያረጋግጣል፤ ከዚያ ነው ምራቁን በትንሽ ብልቃጥ የሚቀበለው። ይህን ሥራ በትዕግሥትና በአክብሮት ለመሥራት እንዳንቺ ቤቱ ውስጥ ሕመሙን ያየ ሰው ያስፈልጋል።

ስለ ወንድምሽ ሳልናገር አላልፍም። ጂን አይቶ ስኪዞፍሬኒያ ነው የሚል ምርመራ ዛሬ የለም፤ የሚረዳ መድኃኒት ግን አለ። ጠበሉን ይጠመቅ፤ ኪኒኑን ግን እንዳያቋርጥ። አባቶችንም አነጋግሪ፤ መድኃኒቱን ከጠበሉ ጋር እንዲወስድ የሚያበረታቱ አሉ።

የመመረቂያ ጽሑፍሽን ርዕስ ከማስመዝገብሽ በፊት ንድፉን ላኪልኝ፤ አይቼ እመልስልሻለሁ።