ለኤስዲአር ስንት ኖብ ይበቃል?

ወንድሜ፣ «ኤስዲአር (ሲግናሉን በኮምፒውተር ሶፍትዌር የሚፈታ) ሬዲዮ እየሠራሁ ነው፤ ኖብ (በእጅ የሚዞር ማዞሪያ) ልግጠምበት ወይስ በማውዝ ልቀጥል?» ብለሃል። ሁለቱንም አይቻቸዋለሁ። አንድ ኖብ ግጠም፤ ሌላውን ለስክሪኑ ተውለት።

የኔ አርቲኤል ኤስዲአር ቪ3 ዶንግል (ዩኤስቢ ላይ የሚሰካ መቀበያ)፣ ራስበሪ ፓይ 4 የሚባል ትንሽ ኮምፒውተር እና ጅማ ቤታችን ግቢ ውስጥ የተዘረጋ ሽቦ ነው። መጀመሪያ ሁሉም በስክሪን ነበር። ጣቢያ ለመፈለግ ዋተርፎልን፣ ማለትም ጣቢያዎቹ እንደ ደማቅ መስመር የሚታዩበትን ምስል፣ የሚያህል የለም። ወደ 2.4 ሜጋኸርዝ ስፋት በአንዴ ታያለህ፤ የደመቀውን መስመር ትነካለህ፣ አለቀ።

አንድ ቀን አባቴን አስቀመጥኩት። በአጭር ሞገድ ያደገ ሰው ነው። ጎረቤት ጣቢያ ሲገባበት ማውዙን ለቀቀና እጁ ወደ ሣጥኑ ቀኝ ጎን ሄደ፤ ማዞሪያ ፍለጋ። ሣቅሁበት። ለካ እኔም ዓይኔን ጨፍኜ ስሰማ እጄ እዚያው ነው የሚሄደው።

ከዚያ አበዛሁት፤ አምስት ኖብ! የጌኑን (ሲግናሉን የማጉያውን) ብቻ ስበይድ አንድ ቅዳሜ አለቀ። አጭር ሞገድ ላይ ግን ባዞረው ባዞረው ለውጥ የለም። ለካ ቪ3 አጭር ሞገድን የሚቀበለው በዳይሬክት ሳምፕሊንግ ነው። ሲግናሉ በቱነሩ (ፍሪኩዌንሲ በሚመርጠው ቺፕ) በኩል አያልፍም፤ የቱነሩ ጌን ደግሞ ያላለፈበትን ሲግናል ምን ያደርገዋል? ኖቡ ጌጥ ሆኖ ቀረ። ፊልተሩና ስኩዌልቹም (ጣቢያ በሌለበት ጩኸቱን የሚዘጋው) ቢሆኑ ለቀናት አይነኩም፤ ስክሪን ላይ ይበቃቸዋል።

የጣቢያው ኖብ ግን ጠቀመኝ፤ እሱም ደህና አድርጎ ካንገላታኝ በኋላ። ርካሹ ሮተሪ ኢንኮደር (የኖቡን መዞር ለኮምፒውተሩ የሚቆጥረው ክፍል) በአንድ ዙር 20 ጊዜ ነው ቀጭ የሚለው። በአንድ ቀጭታ 100 ኸርዝ አድርጌው ነበር። ከ9,400 እስከ 9,900 ኪሎኸርዝ ለመድረስ 250 ዙር! ክንድህ ይዝላል። አሁን ኖቡን ስጫነው እርምጃው 5 ኪሎኸርዝ ይሆናል፤ አጭር ሞገድ ላይ ጣቢያዎቹ የሚደረደሩት በዚያ ልክ ስለሆነ አምስት ዙር ይበቃል። መልሼ ስጫነው ወደ ጥቃቅኑ ይመለሳል። ወደ ቀኝ እያዞርክ ወደ ግራ ከዘለለብህ ደግሞ ኮዱን አትራገም፤ የኢንኮደሩ ንክኪ እየነጠረ ነው። ከሁለቱም የሲግናል እግሮች ወደ ግራውንድ 100 ናኖፋራድ ካፓሲተር አድርግበት።

የድምፅ መዘግየቱንም አትርሳ። ማውዝ ስትነካ ግማሽ ሰከንድ ቢዘገይ ምንም አይደለም። በኖብ ግን ድምፁ እስኪመጣ ጣቢያውን አልፈኸዋል። የኦዲዮ በፈሩን (ድምፁ ከመሰማቱ በፊት የሚጠራቀምበትን) ቀንሰው። ጂኪውአርኤክስ የሚባለውን የኤስዲአር ፕሮግራም ከሆነ የምትጠቀመው ማገናኘቱ ቀላል ነው፦ ሪሞት ኮንትሮሉን አብራና በፖርት 7356 ትልቁን ኤፍ፣ ክፍት ቦታ፣ ከዚያ ፍሪኩዌንሲውን በኸርዝ ላክለት።

ስክሪኑን በኖብ ያስመታብኝ ግን መብራት መጥፋቱ ነው። የጅማን መብራት መቼም ታውቀዋለህ። ሰፈሩ ሲጨልም የቻርጀሩና የአምፖሉ ጩኸት ሁሉ አብሮ ይጠፋና አጭር ሞገድ ጥርት ይላል። ፓዩን በፓወር ባንክ አስነሳለሁ፤ ስክሪኑን አልሰካም፤ ባትሪ ይበላል፣ ራሱም ይረብሻል። አባቴ በጨለማ ኖቡን ይዞ ቀጭ፣ ቀጭ እያደረገ ይፈልጋል። መብራት ሲመጣ የሚቆጣው እሱ ነው።