ከአንኮበር ቁልቁል ምን አለ?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ደብረ ብርሃን የታሪክ መምህርት ነኝ። ተማሪዎቼን አንኮበር ልወስዳቸው አስቤያለሁ። የጠየቅሁት ሰው ሁሉ «ቤተ መንግሥቱን አይታችሁ ተመለሱ» ይለኛል። የፈረንጆቹን ቦታ ሳነሳ ደግሞ አንድ ባልደረባዬ «የቅኝ ገዢ ርዝራዥ ለልጆች ምን ይፈይዳል?» አለኝ። እርስዎ ምን ይላሉ?

መልስ፦ እህቴ፣ ቤተ መንግሥቱ ኮረብታ ላይ ውጡ፣ አልከለክልሽም። ግን ከጥንቱ የቀረው ጥቂት የድንጋይ ግንብ ነው። ዓይን የሚስበው ቤት በድሮው አምሳል የተሠራ ሎጅ ነው። ልጆቹ ፎቶ ይነሳሉ፣ ብርዱ ይገርፋቸዋል፣ ቶሎ ይሰለቻቸዋል። እኔ ብሆን ቀኑን የማውለው ቁልቁል ወርጄ አልዩ አምባ ነው።

አልዩ አምባ የአርጎባዎች መንደር ናት። ከቆላው በአፋር በኩል የሚመጣው የሲራራ ነጋዴ ወደ ሸዋ ደጋ የሚወጣባት በር ነበረች። ጨው፣ ቡና፣ ጨርቅ ያልፍባት ነበር። ባሪያም ይነዳባት ነበር፤ ይህን ለልጆቹ ሳትነግሪያቸው እንዳታልፊ። ገበያ ቀን ካገጣጠማችሁ ደገኛው፣ አርጎባውና አፋሩ ሲገበያዩ ታያላችሁ። ቀኑን ቀድመሽ አስጠይቂ።

ሸማኔ ቤትም ግቡ፣ አስፈቅዳችሁ። ሸማኔው እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ከቶ ይቀመጣል። መወርወሪያው ከቀኝ ወደ ግራ ውልብ ይላል፣ ማጉ ድሩን ሰንጥቆ ያልፋል፣ እሱ ደግሞ ቀና ሳይል ጨዋታውን ይቀጥላል። አጠገቡ ዝም ብላችሁ ቁሙ። ልጆቹ የለበሱት ነጠላ ከየት እንደሚመጣ ያኔ ይገባቸዋል። ከሽማግሌዎቹም አርጎብኛ የሚያውቅ ፈልጉ። የአማርኛ የቅርብ ዘመድ ነው፤ ዛሬ ግን እዚያ አካባቢ ብዙው ሰው አፉን የሚፈታው በአማርኛ ነው።

የፈረንጆቹ ነገር ባልደረባሽ እንዳለው አይደለም። የእንግሊዝ መልእክተኛው ካፒቴን ሃሪስ በዚሁ በአልዩ አምባ በር ወጥቶ ለሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ መድፍና ጠመንጃ አበረከተ። ኅዳር 1834 ዓ.ም. የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈራረሙ። ንጉሡ መሣሪያውን ወደዱት፤ ውሉ ግን ወረቀት ላይ ቀረ። ማን ማንን እንደተጠቀመበት ልጆቹ ይከራከሩበት፣ ጥሩ ክርክር ይወጣዋል።

ልጥ ማረፊያ ደግሞ አንኮበር አጠገብ ናት። ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ፣ በ1869 ዓ.ም.፣ ለጣሊያን የጂኦግራፊ ማኅበር መልእክተኞች የሰጡት ቦታ ነው። መሪያቸው ማርኪስ አንቲኖሪ ወፍ አጥኚ ነበር። ነሐሴ 1874 ዓ.ም. እዚያው ሞቶ እዚያው ተቀበረ። ከ14 ዓመት በኋላ አድዋ ሆነ። ጥናት ብሎ የመጣ ሁሉ ሰላይ ነበር አልልም፣ ግን የሰበሰቡትን መረጃ መንግሥታቸው ደጅ አላስቀረውም። ስለዚህ ቦታው የቅኝ ግዛት ርዝራዥ ሳይሆን የእንግዳ ማረፊያ ነው፤ ቅኝ ግዛትማ መች ሆነን! የወረራውን አሻራ ካላችሁ ጣርማ በር ሂዱ። ጣሊያን በአምስቱ ዓመት ተራራውን በስቶ ያሠራው ዋሻ ዛሬም መኪና ያሳልፋል። እሱን ግን ለሌላ ቀን አድርጉት፣ መንገዱ ሌላ ነው።

ጋቢ ይያዙ፣ ቆላ ሲወርዱ ግን ይወልቃል፤ ውኃም አይርሱ። መስጊድ አካባቢ ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት አስፈቅዱ። አርብ ከሆነ ጉብኝቱን ከጁምዓ ሰላት በፊት ጨርሱት።