የሐይቁ ዳሯ አይስክሬም ቤት፦ ከፋሲካ በፊት ወይስ በኋላ?

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። እናትሽንና ሁለት ልጆችሽን ይዘሽ ባሕር ዳር ልትመጪ ነው፤ ከሐይቁ ዳር መንገድ ገባ ብላ ወዳለችው የድሮ ዓይነት አይስክሬም ቤት መሄድ ያዋጣል ወይ፣ ለልጆቹ ሆድ አያሰጋም ወይ፣ ከፋሲካ በፊት ይሻላል ወይስ በኋላ ነው ያልሽው። እኔ እዚሁ ነዋሪ ነኝ፤ ልጆቼን ይዤ አዘውትሬ እሄዳለሁ።

ሂዱ፤ ግን ከቻልሽ ከፋሲካ በኋላ አድርጊው። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ብትሆንም መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ቀትሩ አናት ይበሳል። አይስክሬም የሚያምረው ያኔ ነው፤ ያ ጊዜ ደግሞ አብዛኛውን ዐቢይ ጾም ነው። 55 ቀን ሙሉ ወተት የሚቀምስ ስለሚያንስ ባለቤቲቱም የወተቱን እምብዛም አትሠራም። ፋሲካ ካለፈ በኋላ በበዓለ ሃምሳ ግን ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም፣ ሙቀቱ ገና አልበረደም፣ ማንጎም ገበያውን ሞልቶታል። ከዓመቱ ውስጥ እንደዚያ ወቅት የሚመች የለም።

በፊት መምጣት ግድ ከሆነም እናትሽ ልጆቹን እያዩ ብቻ አይቀመጡም። በሎሚና በማንጎ፣ በውሃና በስኳር ብቻ የሚሠራ የጾም አለ። እኔ በፍስክ ቀንም ቢሆን የሎሚውን ከብዙዎቹ አስበልጠዋለሁ። ሎሚው ሐይቁ ዳር ካለችው ከዘጌ የሚመጣ ነው፤ የዘጌ ሰው ቡናውን፣ ጌሾውንና ሎሚውን ከጻድቁ ከአቡነ በትረ ማርያም የተሰጠው በረከት አድርጎ ነው የሚያየው፤ ለእናትሽ ይህን ብትነግሪያቸው ደስ ይላቸዋል። ጾሙን አጥብቀው የሚይዙ ከሆነ ግን ማውጫው ማንኪያ የወተቱን የነካ እንዳይሆን አስቀድመሽ ተናገሪ። ለብቻው የተቀመጠ አላቸው፤ ሰው ሲበዛ ግን ሊደባለቅ ይችላል።

የልጆቹ ሆድ ያሳሰበሽ በትክክል ነው። ብርድ ጀርምን አይገድልም፤ መራባቱን ብቻ ያቆመዋል። ችግር የሚመጣው መብራት ጠፍቶ አይስክሬሙ ሲቀልጥና መብራት ሲመጣ እንደገና ሲረጋ ነው። ሲቀልጥ በውስጡ የነበረው አየር ይወጣል፤ ውሃው ቀስ ብሎ ሲረጋ ደግሞ ትልልቅ በረዶ ይሠራል። ስለዚህ በማንኛውም ቤት ከማዘዝሽ በፊት መስታወቱን አይተሽ እለፊ፦ ላዩ የሰመጠ፣ ነጭ አመዳይ የለበሰ፣ ምላስ ላይ እንደ አሸዋ የሚሻክር ከሆነ ለልጅ አይሰጥም። እዚህች ቤት እምነት የጣልኩት በዚህ ምክንያት ነው። ወተቱ ጠዋት ይፈላል፣ የሚሠራው ትንሽ ነው፣ አመሻሽ ላይ «አልቋል» ይሉሻል። እኔ «አልቋል» የሚል ቤት ደስ ይለኛል፤ ነገ የሚሸጥልሽ የዛሬውን ትራፊ አይደለማ።

የቤቱ መልክ እንደሰማሽው ነው፤ ባለ ቀለም የወለል ንጣፍ፣ የብረት ወንበር፣ እግር ያላቸው የብረት ጽዋዎች። ልጆቹ የሚወዱት ግን መስኮቱ ሥር ያለውን መዘውር ያለው የእንጨት ባልዲ ነው። አሁን የሚሠሩት በኤሌክትሪክ ነው፤ ባልዲው ለማየት የተቀመጠ ነው። ባለቤቲቱ ካልተጣደፈች አሠራሩን ታሳያቸዋለች፦ በውጪው በረዶና ጨው ይሞላል፣ በመሐል ወተቱ ያለበት ጣሳ ይቀመጣል። ጨው በረዶውን ከዜሮ በታች እያለ ያቀልጠዋል፤ በረዶው ሲቀልጥ ሙቀቱን ከወተቱ ይስባል። መዘውሩ ሳያቋርጥ ከዞረ በረዶው ደቃቅ ሆኖ ይቀራል፤ ልስላሴው የሚመጣውም ከዚያ ነው። ናንሲ ጆንሰን የተባለች አሜሪካዊት በእጅ የሚዞር እንዲህ ያለ መሥሪያ በስሟ ያስመዘገበችው እ.ኤ.አ. በ1843 ነው። ትልቁ ልጅሽ ትምህርት ቤት ከገባ ይህን ጠይቅልኝ በይው፤ ሴትዮዋ ልጅ ሲጠይቃት ፊቷ ይፈካል።

ምን ይታዘዝ ካልሽ፣ ለአንቺ የቡናውን፣ ለልጆቹ የማንጎውን። ቀዩ ዓይን ይስባል፤ ነገር ግን ሽሮፕ ነው፣ አልመክርም። ዳር ዳር ያሉት አዳዲስ ካፌዎች ከማሽን እየጠመዘዙ የሚያወጡት ቁመቱ ያምራል፤ ግን አየር ስለሚበዛበት ጣዕሙ አፍ ውስጥ አይቆይም። የዚህችኛዋ ዋጋ ትንሽ ከፍ ይላል፣ እኔ ግን ሳልቆጭ እከፍላለሁ።

ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ ግቡ። እሑድ ሠርግ የሚያጅበው ሁሉ ስለሚገባ ወንበር አይገኝም፤ ማክሰኞና ሐሙስ ይሻላል። ገዝታችሁ ወደ ሐይቁ አትውሰዱት፤ ሳትደርሱ ይቀልጣል። እዚያው ተቀምጣችሁ ብሉና ታንኳውንና ይብራውን ለማየት ቀስ ብላችሁ ውረዱ። ደጃፉ ላይ መደገፊያ የሌለው ደረጃ ስላለ እናትሽን በእጅ ያዣቸው።