ሱቁ «ጌሚንግ ነው» ሲልዎት ሙሉ ስሙን ይጠይቁ

ጥያቄ፦ ታናሽ ወንድሜ ካውንተር ስትራይክ 2ን ከጓደኞቹ ጋር በኢንተርኔት ይጫወታል፤ እስካሁን ጌም ቤት እየከፈለ ነበር። አሁን ተገጣጥሞ ያለቀ ዴስክቶፕ ልገዛለት ነው። አዳማ ውስጥ አንድ ሱቅ ሦስት አሳዩኝ፤ ሦስቱንም «ጌሚንግ ነው» ይላሉ። የመጀመሪያው ኮር አይ 7፣ 32 ጊጋባይት ራም፣ 4 ጊጋባይት ግራፊክስና ባለ መብራት ኬዝ አለው፤ ዋጋው ከሁሉም ይረክሳል። ሁለተኛው ያገለገለ ዴል ኦፕቲፕሌክስ 7060 ነው፤ ኮር አይ 7፣ 16 ጊጋባይት ራም፣ ጂቲኤክስ 1650 ተጨምሮበታል። ሦስተኛው የታሸገ አዲስ ነው፤ ራይዘን 5፣ 16 ጊጋባይት ራም፣ አርቲኤክስ 3060፤ ዋጋው ግን ከበድ ይላል። ቁጥሩ ትልቅ የሆነው የመጀመሪያው ስለሆነ እሱን ልውሰድ? (አንባቢ፣ ከአዳማ)

መልስ፦ የመጀመሪያውን አይውሰዱ። ቁጥሮቹ የበዙት ጨዋታውን በማያፈጥነው ቦታ ላይ ነው። 4 ጊጋባይት የግራፊክስ ካርዱ የማከማቻ ልክ እንጂ ጉልበቱ አይደለም፤ ወፍጮው ደካማ ከሆነ ጎተራው ቢሰፋ ዱቄቱ አይፈጥንም። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው ጂቲ 730 የተባለ ካርድ በ4 ጊጋባይት ይሸጣል፤ ከእሱ ብዙ እጥፍ የሚፈጥነው ጂቲኤክስ 1650ም 4 ጊጋባይት ነው። ሻጩ ጊጋባይቱን ነግሮ የካርዱን ስም ካልነገረዎት እዚያው ላይ ይጠርጥሩ። ራሙም ቢሆን 32 አያስፈልገውም፤ ጨዋታውን የሚሠራው ቫልቭ ዝቅተኛ ብሎ ያስቀመጠው 8 ጊጋባይት ነው፣ 16 ይበቃል።

«ኮር አይ 7» የኢንቴል ፕሮሰሰሮች (የኮምፒውተሩ አእምሮ) የቤተሰብ ስም ነው። ከኋላው የሚመጣውን ቁጥር ይጠይቁ። 4770 ከሆነ 4ኛ ትውልድ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ፤ 8700 ከሆነ 8ኛ ትውልድ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ። ልዩነቱ በፍጥነት ብቻ አያበቃም። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከጥቂቶች በስተቀር ከኢንቴል 8ኛ ትውልድ በታች ያለውን በይፋ አይቀበልም። ወንድምዎ ነገ ቫሎራንት የተባለውን ጨዋታ ልጫወት ቢል፣ በዊንዶውስ 11 ላይ ቲፒኤም 2.0 እና ሴኪዩር ቡት የተባሉት የኮምፒውተሩ የደህንነት መቆጣጠሪያዎች ካልበሩ ጨዋታው አይከፈትለትም።

ሁለተኛው ሐቀኛ ማሽን ነው፤ በዝቅተኛ ሴቲንግ በደንብ ያጫውተዋል። ግን ጣሪያ አለው። እነዚህ የቢሮ ዴሎች ፓወር ሰፕላያቸው (ኤሌክትሪኩን ለውስጥ ዕቃዎቹ የሚያከፋፍለው ሳጥን) አነስተኛ ነው፤ ከማዘርቦርዱ (ዕቃዎቹ ሁሉ ከሚሰኩበት ዋና ሰሌዳ) ጋር የሚገናኝበት ሶኬትም ገበያ ላይ ካለው ከተለመደው ባለ 24 ፒን የተለየ ስለሆነ በቀላሉ አይቀየርም። ጂቲኤክስ 1650 የተመረጠለትም 75 ዋት ገደማ ብቻ ስለሚፈልግና አብዛኞቹ ሞዴሎች ከማዘርቦርዱ ሶኬት በቀጥታ ስለሚያገኙት ነው። 170 ዋት የሚፈልገውን አርቲኤክስ 3060 ነገ እጨምርበታለሁ ብለው አይግዙት። ባለ 6 ጊጋባይቱ አርቲኤክስ 3050 በ70 ዋት ይሠራል፤ ባለ 8 ጊጋባይቱ ግን 130 ዋት ይጠይቃል። ስማቸው አንድ ነው፣ ካርዶቹ ግን ሁለት ናቸው። ኬዙ ቀጭኑ ዓይነት ከሆነ ደግሞ ቁመቱ አጭር የሆነ ካርድ ብቻ ነው የሚገባበት።

ሦስተኛው የሚሻለው ነው፤ ጥያቄው «የቱ ራይዘን 5?» የሚለው ነው። ራይዘን 5 4500፣ 5500 እና 5600 ሁሉም 6 ኮር አላቸው፣ ሱቅ ውስጥ ሁሉም «ራይዘን 5» ይባላሉ። ነገር ግን በውስጣቸው ያለው ኤል 3 ካሽ የሚባለው ፈጣን ማህደር በ4500ው 8፣ በ5500ው 16፣ በ5600ው 32 ሜጋባይት ነው። ካውንተር ስትራይክ 2 ከግራፊክስ ካርዱ ይልቅ ፕሮሰሰሩ ላይ የሚደገፍ ጨዋታ ስለሆነ ይህ ልዩነት በተለይ ጭስና ተኩስ ሲበዛ በግልጽ ይታያል። አርቲኤክስ 3060ም ባለ 12 እና ባለ 8 ጊጋባይት አለው፤ ባለ 8ቱ በማህደሩ ጊጋባይት ብቻ ሳይሆን በፍጥነትም ያንሳል። ራሙ 16 ሲባል አንድ ባለ 16 ከሆነ ሁለት ባለ 8 እንዲያደርጉልዎ ይጠይቁ፤ ሁለት ሲሆን በሁለት መስመር ይሠራል፣ ጨዋታው መሀል መሀል የሚንገጫገጨውም ይቀንሳል።

ገጣጣሚዎች ወጪ የሚቀንሱት ብዙውን ጊዜ ፓወር ሰፕላይ ላይ ነው፤ ደንበኛ አይጠይቅበትማ። ኤንቪዲያ ለአርቲኤክስ 3060 የሚመክረው 550 ዋት ነው። የኬዙን የጎን ክዳን አስከፍተው ፓወር ሰፕላዩ ላይ የተለጠፈውን ያንብቡ፤ የአምራቹ ስምና ዋቱ መኖር አለበት። ከኋላ ከሶኬቱ አጠገብ 115 እና 230 የሚል ትንሽ ቀይ ማብሪያ ካለ 230 ላይ መሆኑን ሳያዩ በፍጹም እንዳይሰኩ። 115 ላይ እያለ የእኛን 220 ቮልት ካገኘ በዚያው ቅጽበት ይቃጠላል።

ከመክፈልዎ በፊት ሱቁ ውስጥ ሃያ ደቂቃ ይውሰዱ። ሲፒዩ ዜድ እና ጂፒዩ ዜድ የተባሉትን ነፃ ፕሮግራሞች በፍላሽ ይዘው ይሂዱ። የመጀመሪያው የፕሮሰሰሩን ሙሉ ቁጥር፣ የራሙን መስመርና ፍጥነት ያሳያል። ሁለተኛው የካርዱን ማንነት ያወጣል፤ አሮጌ ካርድ ባዮሱ (ማንነቱን የሚናገረው የውስጥ ፕሮግራም) ተቀይሮ በአዲስ ስም ከተሸጠ አዳዲሶቹ የጂፒዩ ዜድ ስሪቶች ከስሙ ፊት «ፌክ» የሚል ምልክት ያደርጉበታል። ቀጥሎ ከባድ ጨዋታ አስነስተው እየሠራ ሙቀቱን ይከታተሉ፤ ካርዱ ከ85 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ እየወጣ ከቀጠለ ወይም ኮምፒውተሩ በራሱ ከጠፋ አይቀበሉት። በመጨረሻ የእያንዳንዱን ዕቃ ሙሉ ስም ደረሰኙ ላይ ያስጽፉ፦ «ራይዘን 5 5600»፣ «አርቲኤክስ 3060 12 ጊጋባይት»። «ጌሚንግ ኮምፒውተር 1» ተብሎ የተጻፈ ደረሰኝ ዋስትና ሲጠይቁ አይረዳዎትም።

አዳማ ላይ ደግሞ ተርባይኖቹን የሚያዞረው ነፋስ አቧራውንም ቤት ያስገባል። ፊቱ በመስታወት የተዘጋ ኬዝ ያምራል እንጂ አየር አያስገባም፤ ፊቱ ወንፊት የሆነና የሚነቀል የአቧራ ማጣሪያ ያለው ይምረጡ። መሬት ላይ አያስቀምጡት፣ ማጣሪያውንም በየሁለት ሳምንቱ ያራግፉት። ከተማው ከባሕር ጠለል ወደ 1,700 ሜትር ስለሚጠጋ አየሩ ሳሳ ያለ ነው፤ ማራገቢያው ያንኑ ሙቀት ለማውጣት የበለጠ ይለፋል።

በጀቱ ካልደረሰ ሁለተኛውን ይግዙ። ሦስተኛውን መግዛት ከቻሉና ወንድምዎ የሚጫወተው ይህንን ብቻ ከሆነ፣ ከ3060 በላይ ካርድ ላይ ገንዘብ አይጨምሩ፤ ትርፉን ለ144 ኸርዝ ሞኒተር (ምስሉን በሴኮንድ 144 ጊዜ ለሚያድስ) ያውሉት።

ጥያቄ፦ አርቲኤክስ 4060 ያለው አዲስ ኮምፒውተርና 144 ኸርዝ ሞኒተር ገዛሁ። ፒንጌ ግን እንደ ድሮው ነው፣ ምስሉም አልፈጠነም። ተታልዬ ይሆን? (አንባቢ፣ ከሐዋሳ)

መልስ፦ ሁለቱ የተለያዩ ሕመሞች ናቸው። መጀመሪያ የሞኒተሩ ገመድ የት እንደተሰካ ይዩ። ከላይ በኩል ከዩኤስቢዎቹ ጎን ከሆነ ማዘርቦርዱ ላይ ነው፤ ከታች በአግድም የተደረደሩት የካርዱ ናቸው፣ ወደዚያ ያዛውሩት። ፕሮሰሰርዎ የራሱ ግራፊክስ ካለው በስህተት ቢሰኩትም ምስል ይመጣል፣ ውዱ ካርድ ግን ሥራ ፈቶ ይቀመጣል። ከዚያ በዊንዶውስ የዲስፕሌይ ሴቲንግ ገብተው 144 ኸርዝን ራስዎ ይምረጡ፤ ብዙ ጊዜ 60 ላይ ነው የሚቀረው።

ፒንግን (መልእክትዎ የጨዋታው ሰርቨር፣ ማለትም ጨዋታውን የሚያስተናግደው ኮምፒውተር፣ ደርሶ እስኪመለስ የሚፈጀውን ጊዜ) ግን ምንም ዓይነት ካርድ አይቀንሰውም። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሴኮንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ ለእያንዳንዱ 1,000 ኪሎ ሜትር ርቀት የደርሶ መልስ 10 ሚሊ ሴኮንድ ይወስዳል። የጨዋታ ሰርቨሮች ያሉባት ፍራንክፈርት ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች፤ መስመሩ ቀጥ ያለ ቢሆን እንኳ ከ50 በታች አይወርድም። ስለዚህ የሚቀርበውን ሰርቨር ይምረጡ፤ ካውንተር ስትራይክና ዶታ 2 ዱባይ ላይ አላቸው። በእጅዎ ያለው ከቤት እስከ ራውተር ያለው መንገድ ነው። ኮማንድ ፕሮምፕት (የዊንዶውስ የትእዛዝ መጻፊያ) ከፍተው የራውተሩን አድራሻ (ብዙ ጊዜ 192.168.1.1) ፒንግ ያድርጉ። መልሱ 1 ወይም 2 ሚሊ ሴኮንድ ላይ ከረጋ ችግሩ ከቤት ውጭ ነው፤ 3፣ 40፣ 7፣ 90 እያለ የሚዘል ከሆነ ዋይፋዩ ነው፣ ካት 6 የተባለውን የኔትወርክ ገመድ ይዘርጉ። ማታ ማታ ብቻ ከባሰ ደግሞ ስቲም (ጨዋታ የሚወርድበት ፕሮግራም) ወይም የቤተሰብ ስልክ የሚያወርደው ነገር እንዳለ ይፈትሹ።

ጥያቄ፦ መብራት ሲጠፋ ጨዋታው ይቋረጣል። ስንት ቪኤ ዩፒኤስ ልግዛ? (አንባቢ፣ ከሐዋሳ)

መልስ፦ ዩፒኤሱ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያሠራው ዕቃ) ላይ ቪኤውን ሳይሆን በትክክል የሚሸከመውን የሚነግርዎትን ዋቱን ያንብቡ። 650 ቪኤ የሚባለው ብዙ ጊዜ ከ360 እስከ 390 ዋት ነው፤ አርቲኤክስ 3060 ያለው ኮምፒውተር ከሞኒተሩ ጋር በጨዋታ ላይ እስከ 300 ዋት ሊደርስ ስለሚችል ጠባብ ነው። 1,000 ቪኤ፣ 600 ዋት የሆነውን ይውሰዱ። የሚሰጥዎት ጥቂት ደቂቃ ነው፤ ዙሩን ለመጨረስና በሥርዓት ለማጥፋት ይበቃል። ራውተሩንም ዩፒኤሱ ላይ ይሰኩት፤ ያለበለዚያ ኮምፒውተሩ እየሠራ ኢንተርኔቱ ይጠፋና ከጨዋታው ያው ይወጣሉ።