የወይን ቅምሻ ልትሄጂ ነው? እንዳላፍር ላልሽው እህት

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን አየሁት። በዚህ ሰመር ከባለቤትሽ ጋር የወይን ፌስቲቫል ልትሄዱ ነው። ስለ ወይን ምንም አላውቅም፣ እንዳላፍር ምን ልወቅ፣ ሳልሰክርስ እንዴት እውላለሁ ብለሻል። እሱ ደግሞ ስለማይጠጣ ይሰለቸዋል ብለሽ ፈርተሻል። እኔም ባለሙያ አይደለሁም። ግን ሰመር በመጣ ቁጥር አንዱ ጋ ሳልሄድ ስለማልቀር፣ ስህተቱንም ሁሉ በራሴ ላይ ሠርቼ ስለጨረስኩት የማውቀውን ልንገርሽ።

መጀመሪያ የኔን ጉድ ስሚ። የመጀመሪያው ቀን ቁርስ ሳልበላ ሄድኩ። ትኬት ከፍያለሁ አይደል፣ ያገኘሁትን ሁሉ ካልቀመስኩ ገንዘቤ የተበላ መሰለኝና ከጠረጴዛ ጠረጴዛ እየዞርኩ፣ የተቀዳልኝን እስከ ጠብታው እየጨረስኩ፣ ውሃ የሚባል ነገር ሳልነካ፣ ፀሐይዋ አናቴ ላይ ቆማ ሰባት ሰዓት ሆነ። ከዚያ በኋላ ያለውን ዛፍ ሥር ተኝቼ ነው ያሳለፍኩት። ፎቶው እስከ ዛሬ ጓደኞቼ ስልክ ላይ አለ።

ነገሩ የገባኝ በኋላ ሒሳቡን ስሠራው ነው። ቅምሻ ላይ የሚቀዳው ትንሽ ነው፣ ብዙ ጊዜ ከ30 እስከ 50 ሚሊ ሊትር ቢሆን ነው። ጠርሙሱ ደግሞ 750 ሚሊ ሊትር ይይዛል። በ50 የተቀዳ 15 ቅምሻ ከጨረስሽ ብቻሽን አንድ ሙሉ ጠርሙስ ጠጣሽ ማለት ነው፣ ያውም ቆመሽ፣ ያውም በፀሐይ። ትንሽ ትንሽ ስለሚመጣ አይታወቅሽም። በእኛ ቋንቋ «ቀመስ ያደርጋል» ከተባለ ሰውዬው ጠጪ ነው ማለት ነው። እዚያ ስትሄጂ ግን ቃሉን እንዳለ ውሰጂው።

ስለዚህ መትፋት ልመጂ። አዎ፣ መትፋት። ጠረጴዛው ላይ ባልዲ ነገር ታያለሽ፣ ለዚሁ ነው የተቀመጠው። መጀመሪያ ነውር መስሎኝ እንዴት እንደተሳቀቅኩ! ቡና ቀማሾችን አይተሽ ከሆነ ግን ያው ነው፣ በማንኪያ ስበው አፋቸው ውስጥ አዙረው ይተፉታል። ሲውሉ የሚቀምሱት ብዛት እኮ ሌላ መንገድ የለውም። ጠማቂዎቹ ራሳቸውም ይተፋሉ። መትፋት ካስጠላሽ አንድ ጉንጭ ወስደሽ የቀረውን ባልዲው ውስጥ ድፊው፣ ማንም አይቀየምም። ግን ብትተፊም ትንሽ ትንሹ መግባቱ ስለማይቀር መኪና አትንጂ።

ሙቀቱ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ሰዎች ስለ ራሳቸው ሙቀት ያስባሉ፣ ስለ ወይኑ ይረሳሉ። ቀይ ወይን ጥሩ የሚሆነው ከ14 እስከ 18 ዲግሪ አካባቢ ነው። ጠርሙሱ ድንኳን ሥር ሲቃጠል ውሎ 30 ዲግሪ ከደረሰ አልኮሉ አፍንጫሽ ላይ ዘሎ ይወጣና የፍሬው ሽታ ይጠፋል። አንዴ በጣም የተወራለት ቀይ ወይን ቀምሼ «ይሄ ነው እንዴ?» ብዬ ሄድኩ። ማታ ያንኑ ወይን ቀዝቀዝ ብሎ ሳገኘው ሌላ ወይን መሰለኝ። እና ቀዩን በረዶ ውስጥ ትንሽ አስቀምጡልኝ ማለት አያሳፍርም። ነጩና ሮዜው (ሐምራዊ መልክ ያለው ፈዘዝ ያለ ቀይ ወይን) ከ8 እስከ 12 ቢሆን ነው ደስ የሚለው፣ አረፋ ያለው ከዚያም ይቀዘቅዛል። ብርጭቆውንም ሆዱን አትያዢው፣ የእጅሽ ሙቀት ያሞቀዋል። እግሩን ያዢ። ኩራት እንዳይመስልሽ፣ ምክንያቱ ይሄ ነው። እኔ ፌስቲቫሉ ሲከፈት ነው የምደርሰው፣ ጠርሙሱም አልሞቀ፣ ሰልፉም የለ፣ ቀጂውም ለማውራት ጊዜ አለው።

አረፋ ካለው ወይም ከቀላሉ ነጭ ጀምሪ፣ ወደ ሮዜ፣ ወደ ቀይ እያልሽ ሂጂ፣ ጣፋጩን መጨረሻ። ከጣፋጩ ከጀመርሽ ቀጥሎ የሚመጣው ሁሉ ይኮመጥጥሻል። ከስምንት አሥር ቅምሻ በኋላ የኔ ምላስ ምንም አይለይም፣ ያንቺም ብዙ የሚርቅ አይመስለኝም። ስለዚህ 40 ጠረጴዛ ቢኖር አምስት መርጠሽ ግቢ፣ በየመሃሉ ውሃ፣ ደረቅ ዳቦ ጎረስ። ቁርስ በልቶ መሄድ ግዴታ ነው፣ እኔን ያየ ይቀጣ።

ቃላቱን አትፍሪያቸው። ምራቅሽን ካመጣው አሲድ አለው ማለት ነው። ያልበሰለ ሙዝ እንደበላ ሰው አፍሽን ከያዘሽ ደግሞ ታኒን ነው፣ ከፍሬው ልጣጭና ከዘሩ የሚወጣ ነገር። ቀይ ወይን ላይ የሚበዛው ጭማቂው ከልጣጩ ጋር አብሮ ስለሚቆይ ነው፣ ቀለሙም የሚመጣው ከዚያው ነው። ለዚህ ነው ከጥቁር ፍሬ ነጭ ወይን መሥራት የሚቻለው፣ ልጣጩን ቶሎ ከለዩት ጭማቂው አይቀላም። ብዙው ሻምፓኝ እንደዚያ ነው። ይሄን ስሰማ ግማሽ ቀን አላመንኩም ነበር። ድራይ የሚሉት ደግሞ ስኳሩ ወደ አልኮል ተለውጦ ያለቀ፣ የማይጣፍጥ ማለት ነው። እርጥብ ካርቶን ካርቶን የሚሸት ካጋጠመሽ ከቡሹ የመጣ ብልሽት ሊሆን ስለሚችል ቀጂውን ጠይቂው፣ ሌላ ይከፍትልሻል።

ሽቶ ተቀብተሽ አትሂጂ፣ የፀሐይ ክሬሙም ሽታ የሌለው ይሁን። አንቺ ብቻ ሳትሆኚ አጠገብሽ የቆመው ሁሉ ያንቺን ሽቶ ነው ሲቀምስ የሚውለው።

ሰው የሚያወድሰው ካልጣመሽ ደግሞ አልጣመሽም፣ አለቀ። እ.ኤ.አ. በ1976 ፓሪስ ላይ የፈረንሳይ ባለሙያዎች ስሙን ሳያዩ እንዲቀምሱ ሲደረግ በነጭም በቀይም አንደኛ ያወጡት የካሊፎርኒያ ወይን ነበር፣ የራሳቸው ታላላቅ ወይኖች እዚያው ተደርድረው። እኛም አንዴ ከጓደኞቼ ጋር ጠርሙሱን በወረቀት ጠቅልለን ሞክረነው ያሸነፈው ርካሹ ነው። ያመጣሁት እኔ ስለነበርኩ እስካሁን እኮራበታለሁ።

ቀጂውን «ስንት ሽልማት አግኝቷል» ብለሽ አትጠይቂው። «አንተ ቤትህ የትኛውን ነው የምትጠጣው?» በይው፣ ብዙ ጊዜ ሲሞቀውና ሲያወራ ታያለሽ። ጊዜ ካላችሁ ደግሞ በፌስቲቫሉ ፋንታ እርሻው ድረስ ብትሄዱ እኔ እመርጣለሁ። በሰሜኑ የዓለም ክፍል ሐምሌና ነሐሴ ላይ አረንጓዴው ፍሬ መቅላትና መጥቆር የሚጀምርበት ጊዜ ነው፣ አንድ ዘለላ ላይ ሁለቱንም ቀለም ታያለሽ። ለቀማው ከተጀመረ ግን ሰዎቹ ቀና ብለው የሚያዩሽም ጊዜ የላቸው፣ ደውለሽ ሂጂ።

መግዛት ከፈለግሽ ሞቅ ብሎሽ አትግዢ። የወደድሽውን ጠርሙስ ፎቶ አንሺና ዞረሽ ስትጨርሺ ተመለሺ። ከዚያ የመኪናው ዕቃ መጫኛ ውስጥ ወርውረሽው ምሳ እንዳትገቢ፣ በሙቀት ይበላሻል! እኔ ስድስት ጠርሙስ እንደዚያ አድርጌ ሁለቱ ቡሻቸው ተገፍቶ ወጥቶ፣ የቀሩትም የተቀቀለ ፍራፍሬ ሆነው አገኘኋቸው። በረዶ የሚይዝ ሳጥን ይዛችሁ ሂዱ።

ባለቤትሽን በተመለከተ፣ መንዳቱ የሱ ነው፣ ይሄ አያከራክርም። አይሰለቸውም። ብዙ ቦታ ለማይጠጣ ሰው ቅናሽ ወይም ነፃ መግቢያ አለ፣ አስቀድመሽ ጠይቂ። ማሽተቱ ደግሞ አልኮል አይፈልግም፣ የጣዕሙ ብዙ ነገር የሚመጣው ከአፍንጫ ነው። የኛ ሹፌር ጠብታ የማይቀምስ ጓደኛችን ነው። ብርጭቆውን አዙሮ አሽትቶ «ይሄ ቆዳ ቆዳ ይላል፣ ይሄ ቃሪያ ነው» ሲል እኛ ቀማሾቹ እንደገና ወደ ብርጭቋችን እንመለሳለን፣ አብዛኛውን ጊዜም እውነቱን ነው።