ከገብስ ማሳ በላይ የሚነሣ ፎቅ

ጥያቄ፦ የምኖረው ከደብረ ብርሃን ከተማ ወጣ ብሎ፣ በበሬሳ ወንዝ አቅጣጫ ባለ የገበሬ መንደር ነው። ከመንደራችን በላይ ባለው ተዳፋት ላይ አንድ አልሚ ባለ አራት ፎቅ መኖሪያ ቤቶችን ጥቅጥቅ አድርጎ ሊሠራ እንደሆነ ሰምተናል። ከሥር ያለው ማሳችን በከተማው ፕላን ላይ ለእርሻ ተከልሎ የቀረ ነው። ጎርፉና ፍሳሹ ገብሳችንንና ባቄላችንን እንዳያጠፋ፣ እናቴ የምትቀዳበት የጉድጓድ ውኃም እንዳይበከል ሰግተናል። ሄደን ብንጠይቅ «የእናንተ መሬት አልተነካም» ተባልን። መሬታችን ስላልተነካ አቤት የማለት መብት የለንም ማለት ነው? ለመሆኑስ እንዲህ ታጭቆ ከሚሠራ ሰፋ ሰፋ ብሎ ቢሠራ አይሻልም?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ብዙ ሰው የሚስተው የኋለኛውን ስለሆነ ከእሱ ልነሣ። አራት መቶ አባወራ እያንዳንዱ በ150 ካሬ ሜትር ላይ ቤቱን ይሥራ ቢባል፣ መንገዱን ሳንቆጥር ቤቱና ግቢው ብቻ 6 ሄክታር፣ በአገራችን አለካክ 24 ጥማድ ይወስዳል። ያው አራት መቶ አባወራ ፎቅ ላይ ቢሰፍር ግን ከዚህ እጅግ ያነሰ መሬት ይበቃዋል። ስለዚህ ለእርሻ መሬት የሚያስብ ሰው ጥቅጥቅ ያለውን ግንባታ በደፈናው ከተቃወመ ሳያውቀው የራሱን ማሳ አሳልፎ ይሰጣል። አቤቱታችሁ «ፎቅ አይሠራ» የሚል ከሚሆን ይልቅ፣ ፎቁና ማሳው በሚገናኙበት ወሰን ላይ ምን እንደሚደረግ የሚጠይቅ ቢሆን የበለጠ ሰሚ ያገኛል ብዬ አምናለሁ።

በዚያ ወሰን ላይ የመጀመሪያው ጉዳይ ውኃ ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ነው። በጣሪያና በአስፋልት በተሸፈነ አንድ ሄክታር ላይ 50 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ፣ ቀድሞ ሣሩና አፈሩ ከፊሉን ያስቀሩት የነበረው 500 ሺህ ሊትር ያህል ውኃ ከሞላ ጎደል በአንድ ጊዜ ቁልቁል ይወርዳል። የእናንተ አገር ጥቁር አፈር ደግሞ ገበሬው አሳምሮ እንደሚያውቀው በበጋ ይሰነጣጠቃል፣ በክረምት ያብጥና ውኃ አላሰርግ ይላል፤ ሰብሉ ውኃ እንዳይተኛበት በየማሳው ፈሰስ የምታወጡትም ለዚህ ነው። ይሁንና ፈሰሱ የተሰላው በማሳው ላይ ለሚዘንበው እንጂ ከላይ ካለ ሰፈር ለሚለቀቅ ጎርፍ አይደለም። አልሚው ጎርፉን ይዞ ቀስ በቀስ የሚለቅ ኩሬና እስከ ወንዙ የሚዘልቅ፣ ማሳውን የማያቋርጥ ቦይ በንድፉ ላይ እንዲያሳይ ጠይቁ። ቦዩ ከቤቶቹ በፊት መቆፈር አለበት፤ መጀመሪያ ቤቱ ከተሠራ ቦዩ ለሚቀጥለው በጀት እየተባለ ሲንከባለል አይተናል።

ፍሳሹም ከዚሁ አፈር ጋር የተያያዘ ነው። በሴፕቲክ ታንክ (የመጸዳጃ ፍሳሽ በሚጠራቀምበት የተዘጋ ገንዳ) እና በማስረጊያ ጉድጓድ የሚሠራ ሰፈር ፍሳሹን የሚያስረገው አፈሩ ሲቀበለው ብቻ ነው፤ በሐምሌና በነሐሴ ውኃ የጠገበ ጥቁር አፈር ግን አይቀበልም፤ ያን ጊዜ ጉድጓዱ ሞልቶ ወደ ታች ይፈስሳል። ስለዚህ ፍሳሹ በመስመር ተሰብስቦ ይጣራል ወይስ በየሕንፃው ሥር ይጠራቀማል የሚለው ጥያቄ በጽሑፍ መልስ ሊሰጠው ይገባል። ነፋስ ወደ ግጦሽ የሚያመጣውንና በግና ላም እየበላ የሚሞትበትን ፌስታል፣ እንዲሁም የከብት መሄጃው በአጥር እንዳይዘጋ የሚለውን ነገር በዚሁ ደብዳቤ ጨምሩ። በወሰኑ ላይ ዛፍ ይተከል ከተባለ ባሕር ዛፍ ባይሆን ይመረጣል፤ ማሳውን ውኃ ይሻማዋልና። ጽድ፣ ኮሶ ወይም ለበግ መኖ የሚሆነው ትሪ ሉሰርን ለደጋው ይስማማሉ።

ወደ መብታችሁ ስንመለስ፣ «መሬታችሁ አልተነካም» የሚለው መልስ በቂ አይደለም። በ1987 የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 43 ንዑስ አንቀጽ 2 ማኅበረሰቡን በሚመለከቱ ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳብ የመስጠት መብትን፣ በአንቀጽ 92 ንዑስ አንቀጽ 3 ደግሞ አካባቢን በሚመለከቱና በቀጥታ በሚነኩት ፕሮጀክቶች ላይ ሕዝቡ የመመካከር መብት እንዳለው ይደነግጋል። ግንባታው የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ ከሚያስፈልጋቸው ወገን ከሆነ፣ በአዋጅ ቁጥር 299/1995 መሠረት የጥናቱ ዘገባ ለሕዝብ ክፍት ሆኖ አስተያየት ሊሰጥበት ይገባል፤ ስለዚህ በቅድሚያ ጥናት መኖር አለመኖሩን ጠይቁ። ከሁሉ የሚጠቅማችሁ ግን የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ነው። አንቀጽ 11 ማንም ሰው የግል ጥቅሙ መነካቱን ማስረዳት ሳያስፈልገው፣ ገና ሊደርስ ስለሚችል ጉዳት ጭምር ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ አቤት እንዲል ይፈቅዳል። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠ ወይም ውሳኔው ካላረካው፣ ውሳኔው ከተሰጠበት ወይም 30 ቀኑ ካለቀበት ዕለት አንሥቶ በ60 ቀን ውስጥ ክስ ሊመሠርት ይችላል። ሠላሳው ቀን የሚቆጠረው አቤቱታው ከደረሰበት ዕለት አንሥቶ ስለሆነ፣ ያስገባችሁትን ደብዳቤ ቅጂ ቀኑ ተጽፎበትና ማኅተም ተደርጎበት ያዙ።

«ለእርሻ ተከልሏል» ያሉትን በተመለከተ፣ የከተማው መሬት የቱ ለምን እንደሚውል የሚከልለው መዋቅራዊ ፕላን ዕድሜው አሥር ዓመት መሆኑን አይርሱ። ፕላኑ የጸደቀበትን ዓመት አጣርታችሁ፣ ክለሳው ሲጀመር በስብሰባው ላይ መገኘት ያስፈልጋል፤ ያኔ ዝም ካላችሁ የዛሬው ክልል ነገ ላይኖር ይችላል። ከዚያ በፊት በሽያጭ ውል ማሳ የሚጠይቅ ሰው ቢመጣ፣ ሕገ መንግሥቱ መሬት እንደማይሸጥ እንደማይለወጥ ስለሚደነግግ ወረቀቱ ለገዥውም ለሻጩም መዘዝ ነው።

ስለ እናትዎ ጉድጓድ፣ ግንባታው ከመጀመሩ በፊት ውኃው ተመርምሮ ውጤቱ በእጃችሁ ይኑር፤ በኋላ ለውጥ ቢመጣ የምታነጻጽሩት እሱን ነው። ከማናቸውም የፍሳሽ ጉድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር መራቁንም አስለኩ፤ ፍሳሹ ከላይ የሚመጣ ከሆነ ግን 30 ሜትርም ላይበቃ ስለሚችል፣ ለመጠጥ የሚሆነውን አፍልታ እንድትጠቀም ከወዲሁ ይንገሯት።