አረጋውያኑን ትቼ ወደ ልጆች ልሂድ?

ውድ የአምዱ አዘጋጅ፣

የንግግር ቴራፒስት ነኝ፤ መናገርም መዋጥም የሚቸግራቸውን ነው የምረዳው። ሥራ ከያዝኩ ጀምሮ የምውለው ከአረጋውያን ጋር ነው። አሁን ግን በቃኝ። ቀኑን ሙሉ የማየው አንድ ነገር ነው፤ ማን ደህና ይውጣል፣ ማንን ትን ይለዋል፣ ትን እንዳይለው የማን ውሃ ይወፍር። ምግቡ ወደ ሳንባ ገብቶ የሳንባ ምች እንዳያመጣባቸው ስሰጋ ይመሻል። ለንግግሩ የሚተርፍ ጊዜ የለም። አለቃዬ የምትጠይቀኝ ስንት ሰው እንዳየሁ ብቻ ነው። ሪፖርቱን ቤቴ ወስጄ ነው የምጨርሰው።

ዛሬ ነገ ይሻላቸዋል ስል ይብስባቸዋል። ሰኞ ስገባ አልጋው ባዶ ነው። የሚነግረኝ የለም፤ ስማቸው ከዝርዝሩ ወጥቶ አገኘዋለሁ። በቀደም ስትሮክ አንደበታቸውን የያዘባቸው አንድ አባት ነበሩ። ልጃቸው ሁሌ ቀድማ ትመልስላቸዋለች። «እስቲ ዝም ብለሽ ጠብቂያቸው» አልኳት። ቆይተው ስሟን ጠሯት። ብቻ እንዲህ ያለው አልፎ አልፎ ነው።

ልጆች ጋ ተስፋ አለ፤ ይድናሉ፣ ያድጋሉ። ጓደኞቼ «ከዜሮ ልትጀምሪ ነው» ይሉኛል። እኔ የምፈራው ግን ሌላ ነው። የምሄደው ልጅ ስለምወድ ነው ወይስ ሞት ስለሰለቸኝ? እየሸሸሁ ይሆን?

ደክሞኛል

እህቴ፣

አዎ፣ እየሸሸሽ ነው። ታዲያ ምን ይጠበስ? እኔን ያሳሰበኝ የምትሸሺበትን ቦታ አለማወቅሽ ነው። ማነው ይድናሉ ያለሽ? ኦቲዝም ጉንፋን አይደለም። ሴሬብራል ፓልሲ፣ ማለትም አንጎል ላይ በደረሰ ጉዳት ሰውነቱን ማዘዝ የሚቸግረው ልጅ፣ የሥዕል ሰሌዳ ላይ ጠቁሞ «ውሃ» ማለት ከቻለ ትልቅ ድል ነው፤ በአፉ ላይናገረው ይችላል። «ከበሮ»ን «ተበሮ» የሚል ልጅም ይመጣልሻል፣ እሱ ደስ ይላል። ሁሉም ግን እሱ አይደለም። አረጋውያኑ የነሱሽን ተስፋ ልጆቹ እንዲመልሱልሽ አትጠብቂ።

«ብቻ አልፎ አልፎ ነው» ብለሽ ያለፍሽው ነገር ግን ከደብዳቤሽ ሁሉ በለጠብኝ። ልጅቷን ዝም አሰኘሽ፣ አባት ተናገሩ። ከልጆች ጋር ስትሠሪ ግማሹ ሥራሽ ይሄው ነው! አንቺ ልጁን በሳምንት አንድ ሰዓት ብታገኚው ነው፤ የቀረው ከእናቱ ጋር ነው። ኩባያውን ይዛ «ውሃ በል፣ ውሃ በል» እያለች ስታጣድፈው ልጁ አፉን የሚከፍትበት ፋታ የለውም። ኩባያውን እንደያዘች ዝም ብላ ዓይኑን እንድታይ የምታስተምሪያት አንቺ ነሽ። ይሄን ደግሞ ትችያለሽ። ስለ መዋጥ የምታውቂውም አይባክንም፤ ያለጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት እየጠቡ መተንፈስ ይቸግራቸዋል።

ከዜሮ የሚሉሽን እርሺያቸው። የሚጎድልሽ ግን አለ። አባትየው የነበራቸውን ቋንቋ ነው ያጡት፤ ልጁ ገና አላገኘውም። የትኛው ድምፅ በስንት ዓመት እንደሚመጣ እንደገና ተማሪ። ልምድ ያለው ሰው አጠገብሽ የማይቆምበት ቦታ ከሆነ አትቀጠሪ። ሥራሽንም ሳትለቂ ልጆች የሚታዩበት ክፍል ጥግ ላይ ተቀምጠሽ ተመልከቺ። መጫወቻ የሚወረውር ልጅ፣ «እስካሁን ለምን አልተናገረም?» ብሎ የሚቆጣ አባት ባለበት ቀን ይሁንልሽ። ከዚያም ልብሽ እዚያው ከሆነ ሂጂ፤ እኔ ሂጂ ባይ ነኝ።

እስክትለቂ ድረስ ደግሞ ሰው ሲያርፍ ቀድመው እንዲነግሩሽ አለቃሽን ጠይቂ። አብረሻቸው ከርመሽ ከዝርዝር ላይ መርዶ ማንበብ ነውር ነው፤ ያደከመሽ ሥራው ብቻ አይመስለኝም።

ቃለ መጠይቁ ላይም የዚያችን ልጅና የአባቷን ነገር ንገሪያቸው። ልጅ እወዳለሁማ ሁሉም ይላል።